ፔሌት ወይስ በቆሎ? በሚኒሶታ ብርድ አሥር ዓመት ያነደድኩት ምድጃ

ጓሯችን ያለውን ነጭ የፕሮፔን በርሜል ሊሞላ የመጣው ሠራተኛ ቱቦውን ነቅሎ፣ ደረሰኙን በሩ ላይ ሰክቶ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ጃንዋሪ 2014 ነበር፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 200 ጋሎን፣ በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ። በመኸሩ ያንኑ ጋዝ 2 ዶላር በማይሞላ ዋጋ ነበር የገዛነው። በርሜሉ ከዚያ የበለጠ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ለሌላውም መዳረስ አለበት ብለው ከ200 በላይ አልሰጡንም። ደረሰኙን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ባለቤቴ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በዚያች ሰዓት ቴክሳስ ነበር። የቤቱን ሙቀት 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ዝቅ አድርጌው ስለነበር ልጆቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በፔሌት፣ ማለትም በተጨመቀ ሰጋቱራ፣ ወይም በበቆሎ ፍሬ አሥር ዓመት ያነደድኩት ምድጃ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው።

የምንኖረው በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ከዎርዚንግተን ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ዙሪያችን በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ነፋሱን የሚያግድ ተራራ ቀርቶ ጉብታ እንኳን የለም። በዚያ ክረምት ጋዙ የጠፋበትን ምክንያት በኋላ ነው የተረዳሁት። በ2013 መኸር በቆሎው እርጥብ ሆኖ ተሰበሰበ። እርጥብ እህል ጎተራ ስለማይገባ ገበሬው በፕሮፔን በሚሠራ ማድረቂያ ያደርቀዋል። ብርዱ ገና ሳይመጣ የአካባቢው ክምችት በዚህ ተሟጠጠ። ያኔ ከካናዳ ወደ ሚኒሶታ ፕሮፔን ያመጣ የነበረው ኮቺን የተባለው የቧንቧ መስመርም በዚያው ሰሞን ለጥገና ተዘግቶ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ አጥንት የሚሰብረው ብርድ ወረደ። የግዛቲቱ የያኔው አገረ ገዥ ማርክ ዴይተን በፕሮፔን እጥረት ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ እስከ ማወጅ ደርሰዋል።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ቤታችሁ ከተማ ውስጥ ሆኖ የተፈጥሮ ጋዝ መስመር የገባለት ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለእውቀት አንብቡት እንጂ ምድጃ አትግዙ። በእኛ አካባቢ ከተፈጥሮ ጋዝ በዋጋ የሚወዳደር ፔሌትም ሆነ በቆሎ አላየሁም። ሚኒያፖሊስ የምትኖር እህቴ የእኔን ምድጃ አይታ ልትገዛ ስትነሣ እጇን ይዤ ነው ያስቀረኋት። የምጽፈው እንደ እኛ በፕሮፔን፣ በማሞቂያ ናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ ብቻ ለሚሞቁ፣ ሰፋ ያለ ግቢ ፈልገው ወደ ገጠር ለወጡ ወገኖቼ ነው።

ፔሌት የሚባለው ሰጋቱራ ደርቆ፣ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ፣ እርሳስ በሚያህል ውፍረት የሚወጣ ቁርጥራጭ እንጨት ነው። ሙጫ አይጨመርበትም፤ የሚያጣብቀው የእንጨቱ የራሱ ተፈጥሮ ነው። የሚሸጠው 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ግራም በሚመዝን ከረጢት ሲሆን 50 ከረጢት አንድ የአሜሪካ ቶን ይሆናል። በቆሎው ደግሞ እዚህ በማሳው ሁሉ የሚታየው፣ ለከብት መኖና ኢታኖል ለሚባለው የመኪና ነዳጅ የሚመረተው ቢጫ በቆሎ ነው። መለኪያው ቡሼል ነው፤ አንድ ቡሼል 56 ፓውንድ ወይም 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ሁለቱን የሚያነድድ ምድጃ በ2014 መኸር ገዛን። ከነጭስ ማውጫውና ከነገጣጠሚው ክፍያ 5 ሺህ ዶላር ያህል ወጣብን። አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ እህል ወይም ፔሌት የሚሞላበት ሣጥን አለው፤ እኔ ጎተራው እለዋለሁ። ከሥሩ የተጠማዘዘ ብረት እየዞረ ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ይገፋል። አንደኛው ማራገቢያ ለእሳቱ አየር ይሰጣል፣ ሌላኛው ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይነፋል። የሸጠልን ሰው «በቆሎውን ከገበሬ ገዝታችሁ እንዳለ ጨምሩት፤ ሌላ ጣጣ የለውም» ብሎን ነበር። ጣጣ ግን ነበረው፤ እደርስበታለሁ።

አስቀድሞ ሂሳቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የከረጢትን ዋጋ ከጋሎን ዋጋ ጋር ያወዳድራል። መወዳደር ያለበት ቤት ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ነው። እዚህ አገር ሙቀት የሚለካው በቢቲዩ ነው። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ አለው። አንድ ፓውንድ ፔሌት ወደ 8,200፣ በቅጡ የደረቀ አንድ ፓውንድ በቆሎ ደግሞ ወደ 7,000 ይሰጣል። ከዚህ ላይ በጭስ ማውጫ የሚሄደውን መቀነስ ያስፈልጋል። የእኛ የፕሮፔን ማሞቂያ 90 በመቶውን ቤት ውስጥ ያስቀራል፤ ምድጃው በፔሌት 78፣ በበቆሎ 75 በመቶ ገደማ ነው ብዬ አስላለሁ።

ይህን ሁሉ በየጊዜው መደመርና መቀነስ ስለሚያደክም ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኳት አጭር ስሌት አለች። አንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የፕሮፔኑን የጋሎን ዋጋ በ12 አባዙ፤ የበቆሎውን የቡሼል ዋጋ በ3.4 አባዙ፤ የፔሌቱን የቶን ዋጋ ለ12.8 አካፍሉ። በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሞቁ ከሆነ የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በ293 አባዙ። ለምሳሌ ፕሮፔን 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቢሆን 26 ዶላር ከ40 ይመጣል። ፔሌት በከረጢት 6 ዶላር፣ በቶን 300 ቢሆን 23 ዶላር ከ40 ነው። በቆሎ በቡሼል 4 ዶላር ከ20 ቢሆን 14 ዶላር ከ30 ይሆናል። ኤሌክትሪክ በ13 ሳንቲም ሂሳብ 38 ዶላር ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩአቸው። በዚህ ዋጋ ፔሌት ከፕሮፔን የሚያተርፈው በጣም ትንሽ ነው። የእኛ ምድጃ ከዓመቱ ሙቀት ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናል፤ ለዚህም ሦስት ቶን ተኩል ፔሌት ወይም 150 ቡሼል በቆሎ ይፈጃል። ፔሌቱ 1,050 ዶላር፣ በቆሎው 630፣ ያንኑ የሚያህል ሙቀት በፕሮፔን 1,200 ዶላር ገደማ ነው። ምድጃውን በ5 ሺህ ዶላር ገዝቶ በፔሌት በዓመት 150 ዶላር ማትረፍ ማለት ብሩን ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ መጠበቅ ነው። በበቆሎ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። ኤሌክትሪክን የሚተካ ሰው ግን በፔሌትም ቢሆን ቶሎ ይመለስለታል። ሻጩ ይህን አላሰላልንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ደንግጠን ነበር፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዋጋ አያጣራም።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ አሳየን። እኛ ምድጃውን ባስገባን በዓመቱ ፕሮፔን ተመልሶ ረከሰ፤ በ2015 እና በ2016 ከቀድሞውም ዋጋ በታች ወረደ። በቆሎም ርካሽ ስለነበር ከሰርንም አልልም፤ ነገር ግን ያሰብነው ትርፍ አልመጣም። የበቆሎ ዋጋ ደግሞ በእናንተና በጎረቤታችሁ መካከል የሚቆረጥ ነገር አይደለም። በ2012 ድርቅ ጊዜ በገበያው ላይ ከ8 ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2022 ጸደይም እንደገና 8 ዶላርን ተሻገረ። ከአሜሪካ በቆሎ ከሦስት አንዱ ያህል ወደ ኢታኖል ስለሚሄድ የነዳጅ ዋጋ ሲነሣ በቆሎውም አብሮ የመነሣት ጠባይ አለው። ስለዚህ ነዳጅ በተወደደበት፣ ምድጃው በጣም በሚፈለግበት ዓመት በቆሎው ላይደርስላችሁ ይችላል። የእኔ ድንበር 7 ዶላር ነው፤ ፔሌት በቶን 300 ሲሆን በቆሎ ከ7 ዶላር ካለፈ ከፔሌት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነውና ለበቆሎው ሥራ ምንም ምክንያት አይቀርም።

ስለ ሥራው ደግሞ አሁን ልናገር፤ ከዋጋው ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን በቆሎ የገዛነው መንገዱን ተሻግሮ ካለው ጎረቤታችን ነበር። እኚህ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ማሳ ላይ የኖሩ ደግ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን እሳቸው አልነበሩም፤ የተቀጠረ ልጅ ነው ከማጨጃው ተጎታች ላይ በቀጥታ የጫነልን። በስድስት ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜሎች ሞልተን ጋራዥ አስገባነው። ባለቤቴ በማግስቱ ወደ ኦሪገን ሄደ። ምድጃውን ስለኩስ በቆሎው እንቢ አለ። ለካ የብዙ ምድጃዎች መለኮሻ በቆሎ ለማቀጣጠል አቅም የለውም፤ መጀመሪያ ሁለት እፍኝ ፔሌት አቀጣጥሎ በቆሎውን በላዩ መስደድ ያስፈልጋል። እሱንም አድርጌ ነደደ፤ ነገር ግን እሳቱ ሰነፍ ነበር። መስታወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ምጣድ ጠቆረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በብርድ ነቃሁ፤ ምድጃው ጠፍቷል፣ ጎተራው ግን እንደተሞላ ነው።

ሽማግሌው በማግስቱ መጡ። ከበርሜሉ እፍኝ ዘግነው በጥፍራቸው አንዷን ፍሬ ጫን አደረጓትና «ይህ አልደረቀም» አሉ። በእርጥበት መለኪያቸው ሲያዩት 18 በመቶ ሆነ። «ከ15 በላይ ከሆነ ለእሳት አይሆንም፤ 12 ወይም 13 ብታገኚ ያ ነው የሚነድደው» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ታች ሰድደው የተሰባበረ የቆረቆንዳ ቁራጭና በፍሬው ሥር የሚቀረውን ቀይ ስስ ገለባ አውጥተው አሳዩኝ። ቁራጩ መጋቢውን ብረት ያንቀዋል፤ ገለባውና ዱቄቱ ደግሞ እየተጠራቀመ መውረጃውን ይደፍነዋል። ያን ሁሉ በቆሎ መልሰው ወስደው ካለፈው ዓመት ደረቅ እህላቸው በወንፊት አበጥረው ሰጡኝ፤ ተጨማሪም አላስከፈሉኝም። ስለዚህ ከማንም ስትገዙ የእርጥበቱን ቁጥር ጠይቁ፤ በየከተማው ያለው የእህል ተረካቢ ድርጅት መለኪያ አለው። ለዘር የተዘጋጀ በቆሎ ደግሞ በምንም ዋጋ ቢሰጣችሁ አታንድዱት። ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባው በፀረ ተባይና በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ደረቁ በቆሎ በእውነት ደስ የሚል እሳት አለው። ቢጫ፣ የተረጋጋ፣ ሙሉ ነው፤ ሽታውም ደጅ ወጥታችሁ ስትሸቱት እንደ ተቆላ ቆሎ ነው። ጣጣው አመዱ ነው። የእንጨት አመድ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። የበቆሎ አመድ ግን እሳቱ ውስጥ ቀልጦ ይያያዝና እንደ ድንጋይ ይረጋል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ መልስ የማደርገው ይህ ነበር። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ 1 ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ምድጃው ፊት እንበረከካለሁ፤ እሳቱን ዝቅ አደርግና ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቄ በረጅም መቆንጠጫ ያንን ጉብጉብ ያለ፣ ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበትን ድንጋይ ከእሳቱ ድስት ውስጥ እፈለፍላለሁ። የቡጢ ያህል ነው። አንዳንድ ቀን በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በመሮ ነው የማላቅቀው። አንድ ጠዋት ከተውኩት አየር የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋና ማታ ላይ እሳቱ ይጠፋል። ፔሌት ሲሆን ድስቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ መጥረግ፣ የአመድ መሳቢያውን በሳምንት አንዴ መድፋት ይበቃል።

ባለቤቴ ቤት ሲሆን ሥራው የእሱ ነበር፤ ነገር ግን በወር ከሦስት ሳምንት በላይ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ አስቀድማችሁ በየቀኑ ጠዋት ማን እንደሚያጸዳው ተነጋገሩ። የበቆሎን ሐሳብ ያነሣ ሰው ከወር በኋላ ያንን ድንጋይ የሚፈለፍለው ሰው ላይሆን ይችላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ታርቀናልም፤ የታረቅነው ፔሌት በመቀላቀል ነው። ሁለት እጅ በቆሎ ከአንድ እጅ ፔሌት ጋር ሲደባለቅ ድንጋዩ በጣም ይቀንሳል፤ የሚቀረውም ተሰባሪ ይሆናል። ለዶሮ መኖ የሚሸጠውን የተፈጨ የባሕር ዛጎል አንድ እፍኝ መጨመርም ይረዳል። አመዱን በተመለከተ ግን አንድ በጎ ነገር አለው፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም ስላለው ተሰባብሮ የአትክልት ቦታዬ ላይ ይበተናል። ቃሪያዬ ወዶታል።

በ2016 መጨረሻ እናቴ ከቡሬ መጣች። ምዕራብ ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ያ አገር የበቆሎ አገር መሆኑን ያውቃል። እናቴ በቆሎ ዘርታ፣ አርማ፣ ፈልፍላ ነው ያሳደገችን። በመጣች በሁለተኛው ቀን በባልዲ በቆሎ ይዤ ገብቼ ጎተራው ውስጥ ስገለብጥ ከሶፋው ላይ ተነሣች። ዝም ብላ በመስታወቱ በኩል ፍሬው እየወረደ እሳት ሲሆን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ የፈሰሱትን አራት አምስት ፍሬዎች ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

«ልጄ፣ ይህ እኮ እህል ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ እማዬ። ሰው የሚበላው ዓይነት አይደለም፤ የከብት ነው።»

«ታዲያ ከብት ይብላው።» ትንሽ ቆየችና «ቆረቆንዳውንስ ምን አደረጋችሁት?» አለች።

ቆረቆንዳው ማጨጃው ማሽን ሲያልፍ ማሳው ላይ እንደሚቀር ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እኛ ፍሬውን በልተን ቆረቆንዳውን እንሞቃለን፤ እናንተ ቆረቆንዳውን ጥላችሁ ፍሬውን ትሞቃላችሁ» አለች በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረውም፤ የገረማት ይመስል ነበር።

ያችን ነገር ከአእምሮዬ ላወጣት አልቻልኩም። እኔ ባላነድደው ያ በቆሎ ጎጃም እንደማይደርስ፣ ኢታኖል ሆኖ መኪና ውስጥ እንደሚነድድ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ግን ስሜቱን አላጠፋውም። እናቴ እስክትሄድ ድረስ ሦስት ወር ፔሌት ብቻ አነደድኩ፤ ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ቅር አላለኝም። እግረ መንገዴንም ፔሌትን በደንብ ያወቅኩት በዚያ ጊዜ ነው።

ፔሌት ሲገዛ መታየት ያለበት ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የአመድ መጠን ነው። ፕሪሚየም የሚባለው አመዱ ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ እስከ 2 በመቶ ይፈቀድለታል። የልዩነቱ 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በእኔ ምድጃ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምደፋውን መሳቢያ በሳምንት ሁለት ጊዜ አስደፋኝ። ሰው ጠንካራ እንጨት የተሻለ ይመስለዋል። ለማገዶ ፍልጥ ሲሆን እውነት ነው፤ ለፔሌት ግን ሁሉም እኩል ተጨምቆ ስለሚወጣ እንደ ጥድ ያለው እንጨት በውስጡ ባለው ሙጫ ምክንያት በአንድ ፓውንድ ትንሽ የበለጠ ሙቀት አለው። ከረጢቱን ገልብጣችሁ ከታች ብዙ ዱቄት ካያችሁ ሌላ ዓይነት ፈልጉ። ውኃ ደግሞ ጠላቱ ነው። አንዴ ጋራዥ ወለል ላይ የቀለጠ በረዶ ገብቶ የታችኛው ረድፍ ሰባት ከረጢት አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ ሆነብኝ፤ አሁን በእንጨት ርብራብ ላይ ነው የምደረድረው። በጣም ሲበርድ በቀን ሁለት ከረጢት ይፈጃል። 36 ኪሎ መሸከም ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው ይህም ሂሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ እኔ ከረጢቱን ሳላነሣ በጣሳ እየቀዳሁ ነው የምሞላው።

በቆሎን በዋናነት ማንደድ ያስተወኝ ግን ጭስ ማውጫው ነው። በ2018 መኸር ጽዳት ላይ ባለሙያው የቧንቧውን መታጠፊያ ክርን ፈትቶ ሲያሳየኝ ብረቱ በመርፌ የተወጋ ይመስል ተበሳስቷል። የበቆሎ ጭስ ውስጥ አሲድ የሚሆን ነገር አለ፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረት ይበላል። ገጣጣሚው ያስገባልን ለፔሌት ብቻ የሚሆነውን ቧንቧ ነበር፤ ለበቆሎ የሚሆነው የተለየ፣ አሲድ የሚቋቋም የማይዝግ ብረት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔም የጸደዩን አመድ ሳልጠርግ የሙቀቱን ወራት በሙሉ ትቼው ነበር፤ በበጋው ወበቅ እርጥበት ስቦ የበላው በዚያ ጊዜ ነው። ቧንቧውን መለወጥ 700 ዶላር ፈጀ። የበቆሎውን የአንድ ዓመት ትርፍ ሁሉ ጨርሶ ከዚያም አለፈ። አሁን በማርች መጨረሻ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት ፔሌት ብቻ አነድዳለሁ፤ ምድጃው ሲዘጋ ወዲያውኑ ከሥር እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ እጠርጋለሁ።

ያ የተበሳሳ ክርን ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራውን ሁላችንም እናውቃለን። ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የዚህም ጭስ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ማስጠንቀቂያ መሣሪያው በእያንዳንዱ መኝታ ቤት አጠገብ ይኑር። ፔሌት በብዛት በተዘጋና አየር በማይገባው ክፍል ከተከማቸ ሳይነድድም ይህንኑ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ቶን ምድር ቤት ውስጥ አትቆልሉ። ለቤት ኢንሹራንሳችሁም ምድጃ ማስገባታችሁን አሳውቁ፤ ከከተማው ወይም ከካውንቲው ፈቃድ አውጡ።

መብራት ሲጠፋ ምድጃው እንደሚቆምም ብዙ ሰው አያውቅም። መጋቢውም ማራገቢያዎቹም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ፣ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰችበት ሳምንት፣ ቤታችን መብራት ለሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ። ድስቱ ውስጥ የቀረው እሳት እየጨሰ ወደ ክፍሉ መመለስ ጀመረ። የፕሮፔኑም ማሞቂያ ያለ መብራት አይነሣም። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቼ ሞተር አስነሥቼ ደጅ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ገዛሁ። ምድጃው ከተለኮሰ በኋላ የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል፤ ቢያንስ ጭሱን ወደ ውጭ ገፍቶ በሥርዓት እስኪጠፋ ድረስ ይበቃል። ከምድጃው ጋር አብራችሁ ግዙት፤ እንደ እኔ አትዘግዩ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። በኦገስት፣ ሱቆች ገና ዋጋ ሳይጨምሩ፣ ሦስት ቶን ፔሌት እገዛለሁ። ከሽማግሌው ጎረቤታችን ልጅ ደግሞ፣ ሽማግሌው አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማርልን፣ የእርጥበቱ ቁጥር ታይቶ የተበጠረ 30 ቡሼል በቆሎ ብቻ እወስዳለሁ፤ ዋጋው ከ5 ዶላር በታች ከሆነ። በቆሎው የሚገባው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በጣም በሚበርድባቸው ሳምንታት፣ ያውም ከፔሌት ጋር ተደባልቆ፣ ያውም ባለቤቴ ቤት ባለበት ሳምንት ነው። በቀረው ጊዜ ፔሌት ነው። የፕሮፔን በርሜሉንም አልሸጥኩትም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ሲሆኑ እሳት እንዲነኩ አልፈልግም፤ በዚያን ጊዜ ቤቱን የሚያሞቀው እሱ ነው።

በቆሎ ከተረፈ ለሚቀጥለው ዓመት አይቆይም። አንዴ አቆይቼ ጋራዡን አይጥ ወረሰው፤ የመኪናዬንም ሽቦ በላብኝ። ስለዚህ የፋሲካ ጾም ሲጋመስ በርሜሉን እጠርግና የተረፈውን በከረጢት አድርጌ ዶሮ ለምታረባው ጓደኛዬ ለሰናይት እወስድላታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቡሼል ከግማሽ ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ስንት ዶሮ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ስድስት አልኳት። «ይበቃቸዋል» አለች።